የካርታ ንባብ የሥራ ሂደት ባለቤት

መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ በተቀጣጠለበት ዘመን ለአገር የለፉ ሰዎች ሲወደሱ፣ ቦንጋ የነበሩት የመሥሪያ ቤት ኃላፊ አቶ ተክለጻድቅ ሊዘነጉ አይገባም። ለልምድ ልውውጥ ፈረንጅ አገር ሄደው፣ ሌላው ጫማና ሽቶ ሲሸምት እርሳቸው ታሮት የሚባለውን ባለሥዕል የዕድል ካርታ ይዘው ተመለሱ። መመሪያው በፈረንሳይኛ ስለተጻፈ ትርጉሙን ከልባቸው ማንበብን መረጡ። ልባቸው ደግሞ፣ ምስጋና ይግባውና፣ ቋንቋ አይቸግረውም ነበር።

ቀጥሎ ጥንታዊ የአገር ካርታም መሰብሰብ ጀመሩ። ጣሊያን ጂማ ላይ ጥሎት ሄደ የተባለ ጥቅል፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው ሌላ ጥቅል እየተባለ ባለቁልፉ የብረት ቁም ሣጥን ሞላ። የሠራተኛው ማኅደር ኮሪደር ላይ ወጣ። ቅርስ ይቀድማል።

የመዝገብ ቤቷ ብርቄ ግን ለቅርስ የሚሆን ልብ አልነበራትም። ባሏ ፈለቀ በዚያው መሥሪያ ቤት የዋጫ ከተማ ቅርንጫፍ ተመድቦ፣ ትዳሯ በሚኒባስ የሚመላለስ ሆኖባታል። ናፍቆቱ ቢብስባት ወደ ዋጫ ዝውውር ልትጠይቅ ኃላፊው ዘንድ ገባች።

ኃላፊው ከታሮቱ አንድ ካርታ ሳቡ። በአንድ እግሩ የተዘቀዘቀ ሰው ወጣ።

«ምን ይታይሻል?»

«የተሰቀለ ሰው፣ ጋሼ።»

«ለእኔ ትዕግሥት ነው የሚታየኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ጠብቂ።»

ጠበቀች። በሚቀጥለው ጊዜ ስትገባ መብረቅ የመታው ግንብ ወጣ።

«ዋጫ ዝናብ አለ ማለት ነው» አሉ ከልባቸው አዝነው። «በምን አንጀቴ ልላክሽ?»

«ቦንጋስ መቼ አባርቶ ያውቃል፣ ጋሼ?»

ይህ ድፍረቷ ለዓርብ ግምገማ ቀረበ። የአንድ ለአምስት መሪዋ ሣህሌ ተነሥቶ፣ «ብርቄ ሥራ ላይ ጎበዝ ናት፤ ካርታ ላይ ግን የአመለካከት ክፍተት ይታይባታል» አለ። ብርቄ ግለ ሂስ አደረገች፤ ቤቱ አጨበጨበ።

ሌሊቱን ስታለቅስ አደረች። ሰኞ ጠዋት እልህ ይዟት ኃላፊው ቢሮ ገባችና ካርታውን ራሷ ሳበች። ዙፋን ላይ የተቀመጠ ንጉሥ! ዓይኗን ጨፈነች።

«ልቤ እየነገረኝ ነው፤ ሐዋሳ ይሾማሉ። ብቻ ከዚህ ቢሮ አንዲት ሴት ወደ ዋጫ ካልሄደች መንገዱ አይከፈትም።»

አቶ ተክለጻድቅ ካርታውን ተቀብለው ሳሙት። «እንዲህ ያለ ልብ ይዘሽ ኖሯል? አንቺንማ አልለቅም! ኸይሪያ ትሂድ።»

ገንዘብ ያዧ ኸይሪያ ልጆቿን ቦንጋ ትታ፣ ያልጠየቀችውን ዝውውር እያለቀሰች ተቀበለች። ብርቄም የካርታ ንባብ የሥራ ሂደት ባለቤት ሆና ተሾመች።

ፈለቀ ቢቸግረው እኔው ወደ ቦንጋ ልምጣ ብሎ አመለከተ። ጉዳዩ በአሠራሩ መሠረት ብርቄ ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ካርታውን ልትስብ እጇን ስትዘረጋ ኃላፊው ያዟት።

«ለገዛ ባልሽ? እዚህ ቤት በዝምድና አይሠራም!»

ማመልከቻው ካርታ ሳይሳብለት ውድቅ ሆነ። መሥሪያ ቤቱ በዚያ ዓመት በመልካም አስተዳደር ሞዴል ተብሎ ሲሸለም፣ መድረክ ወጥታ ሰርተፍኬቱን የተቀበለችው ብርቄ ናት።