ወንዝ ያጠብን ሰዎች

እኛ ሰዎች እንግዳ መጣ ሲባል የማንሆነው የለም። ዓመቱን ሙሉ ሲያነክስ የከረመ ወንበር በአንድ ቀን ይጠገናል፤ ሹም ይመጣል ከተባለማ የቦንጋ መንገድ ዳር ድንጋይ ሳይቀር ኖራ ይቀባል። አትሳቁ፣ እናንተም ሰፈር ያው ነው።

እኛ ግን ለከት አጣን። ወንዝ አጠብን።

ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ በድለላ ነው የምኖረው፤ ቤት በሉኝ፣ ፍየል በሉኝ፣ አገናኛለሁ። ለሰፈራችን ቧንቧ ማገናኘት ግን አቅቶኝ እናቴ ዛሬም ጀሪካን ተሸክማ ዳገት ትወጣለች። በቀደም ታዲያ ከወረዳ ወሬ መጣ፦ ባለሙያ መጥታ ወንዛችንን ታያለች፤ ጤነኛ ከሆነ ቧንቧው ከእሱ ይሳባል።

የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ ሀብቴ ወዲያው ክተት አወጁ። «ድንጋዩ ሥር ያ ሁሉ ትል ሲርመሰመስ ብታይ ምን ትለናለች?» ድንጋይ እየገለበጥን በመጥረጊያ ፈተግን። የዱቄት ሳሙና ነሰነስን። በረኪናውን ፈልጌ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ መቼም ደላላ ሥራ አይፈታም። ስንጨርስ ወንዙ ሙሽራ መሰለ።

በማግስቱ ባለሙያዋ ቦት ጫማዋን አጥልቃ፣ መረቧን ይዛ ገባች። ድንጋይ ገለበጠች፣ መረቧን አየች። ሌላ ገለበጠች። ፊቷ እየጠቆረ ሄደ።

«ጋሼ፣ እዚህ ውሃ ውስጥ ምንም ነፍሳት የለም?»

«አንድም!» አሉ ጋሽ ሀብቴ ደረታቸውን ነፍተው። «አንድ ብታገኚ ከምላሴ ፀጉር ይነቀል!»

«ወይኔ! ምን ገደላቸው?»

ያ እኛ ትል ያልነው ለካ የነፍሳት ልጅ ኖሯል። አንዳንዱ ንጹሕ ውሃ ካላገኘ አይኖርም፣ ውሃው ሲታመም ቀድሞ የሚሞተውም እሱ ነው አለችን። እሱን ፈልጋ ነው የመጣችው! ክው አልን። ምስክሮቻችንን በገዛ እጃችን ፈጅተን ችሎት ቆመናል። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይኸው ነው።

እናቴ አላስቻላትም። «ልጄ፣ ትናንት እኮ ነው ያጠብነው።»

«ምኑን?»

«ወንዙን።»

ባለሙያዋ ጭንቅላቷን ያዘች። ለጊዜው ከዚህ እንዳትቀዱ አለች፤ እናቴ ባዶ ጀሪካኗን አንስታ ከዳገቱ ማዶ ወዳለው ምንጭ አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

«ነፍሳቱ ከላይ በጎርፍ እየመጡ ይመለሱ ይሆናል» አለች ባለሙያዋ ስትሰናበት። «ከክረምቱ በኋላ እመጣለሁ። እስከዚያ እባካችሁ አታጽዱት!»

እሷ ራቅ ስትል ጋሽ ሀብቴ ክንዴን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«አንተ፣ በዋጫ ከተማ በኩል ሰው አለህ አይደል?» አሉ በሹክሹክታ።

«ምን ፈልገው ነው ጋሼ?»

«ትል ነዋ! እንግዳ ስትመጣ ባዶ ወንዝ ልናሳያት ነው?»