ሳሉን ብቻ ወደ ወልድያ

ጉንፋን ማለት፣ አፍንጫ ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው፣ ዕውቀቱንም ለጎረቤቱ በነፃ የሚያድለው የሕመም ዓይነት ነው። አዋቂን ሲይዝ ያስነጥሰዋል፤ ይታዘንለታል፤ ከሥራ ይቀራል። ሕፃን ሲይዝ ግን፣ እናንተም እንደምታውቁት፣ ቀልዱ ያልቃል። በተለይ ብቻውን ካልመጣ።

መርሳ ከተማ ሳስተምር ጎረቤቴ መካኒኩ ታደገ ነበር። የሦስት ዓመት ልጁ ትርንጎ ጉንፋን ይዟት ስታስል ሰንብታ፣ በአምስተኛው ቀን ፊቷ ላይ ኩፍኝ ወጣ። ኩፍኝ በኛ አገር ክቡር እንግዳ ነው፤ በር ይዘጋለታል፣ መስኮቱ በጋቢ ይሸፈናል፣ ከመንገድ የመጣ ሰው አይገባበትም። ከሁሉ በላይ መርፌ አይወድም። ኩፍኝ ላይ መርፌ የተወጋ ልጅ አይተርፍም ያሉት የታደገ አማት እማማ ብርቄ ናቸው። የጭነት መኪና ሞተር አውርዶ የሚገጥመው ታደገ፣ እሳቸው ያጠበቁትን አንድ ብሎን አያላላም።

እኔ ትንፋሿን በግድግዳው በኩል እሰማለሁ። ደብተር አርማለሁ፣ እነሣለሁ፣ ደጅ እወጣለሁ፣ እመለሳለሁ። ትንፋሹ ይፈጥናል። የአንዱን ተማሪ ደብተር ሁለት ጊዜ አረምኩት፤ በሁለተኛው ያነሰ ነጥብ ሰጠሁት።

ጠዋት ታደገ ደጅ ቆሞ አገኘሁት። ስትተነፍስ ጎኗ እየሰረጎደ መሆኑን መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። እማማን በሩ ድረስ አስጠራኋቸው።

«እማማ፣ በሽታው ሁለት ቢሆንስ?»

«ደሞ ሁለት?»

«ኩፍኙ ለብቻው፣ ሳሉ ለብቻው። ኩፍኙን አንነካውም። ሳሉን ብቻ ወልድያ ወስደን እናስወጋው።»

ማባበያ ነበር። እሳቸው ግን አሰቡበት።

«እንዲያ ከሆነ ውሰዱት» አሉ። «ብቻ መርፌው ኩፍኙን እንዳይነካብኝ። ለሐኪሙ አንተ ንገረው፣ የተማርክ ነህ።»

ታደገ ለጥገና የቆመ የጭነት መኪና አስነሣ። ወልድያ ክሊኒክ ውስጥ ሐኪሙን ተክቶ የሚሠራው ድሬሰር ደረቷን አዳምጦ፣ ጉንፋኑና ኩፍኙ ተደራርበው ሳንባዋን እንደጎዱት፣ አንዱ ያደከመውን ሌላው እንዳገኘው፣ አንድ ቀን ብንጨምር ኖሮ እንደማትተርፍ ነገረን። ማባበያዬ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ከማንም ይልቅ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። የእማማን መልእክት አደረስኩ። ድሬሰሩ ፔኒሲሊኑን እየቀዳ፣ ቀና ሳይል፣ «እጠነቀቃለሁ» አለ።

ትርንጎ ዳነች። እማማ ብርቄ ሳሉን ወልድያ፣ ኩፍኙን ግን እሳቸው እንዳዳኑት ለመርሳ ሰው ሁሉ አስረዱ። ምስክር ሲፈለግ የሚጠሩት እኔን ነበር።