በነብር ስም የተጻፈው ደም

እንስሳት ስብሰባ ማብዛት በጀመሩበት ዘመን ነው አሉ። «አሉ» የምለው ለወጉ ነው እንጂ እኔም እዚያው ነበርኩ። ከወንዙ ማዶ ባለው ጫካ፣ ከፏፏቴው ሥር፣ ዓመቱን ሙሉ የሚቀዘቅዝ ዋሻ ነበር። እንስሳቱ ያን ዋሻ የደም ቤት አደረጉት። ከገደል የወደቀ፣ በቀንድ የተወጋ፣ በወሊድ ብዙ ደም የፈሰሳት ሁሉ ወደዚያ ይወሰድ ነበር።

ደም የምትቀዳው እመት ጃርት ነበረች። ከጀርባዋ አንድ እሾህ ትመዝና ውስጡን ቦርቡራ ከሰጪው የግራ ክንድ ላይ ትሰካዋለች፤ ደሙም ጠብ ጠብ እያለ ወደ ቅል ይወርዳል። የተወጋው ቦታ ሲድን ነጭ ጸጉር ያበቅላል። ያ ነጭ ጸጉር ያለበት እንስሳ በመንገድ ሲያልፍ ሌሎቹ «ሰጪ ነው» እያሉ ዞር ይሉለት ነበር።

እኔ ሚዳቋ ነኝ። ከቁራ ዘንድ አራት ዓመት ፊደል ቆጥሬ የደም ቤቱ ጸሐፊ ሆንኩ። ሥራዬ የሰጪውን ስም በዛፍ ቅርፊት ላይ ጽፎ በቅሉ አንገት ላይ ማሰር፣ አንዱን ቅርፊት ደግሞ ዋሻው ውስጥ ማስቀመጥ ነበር። ዓይን አፋር ነኝ። «እንደምን አደርሽ» ያለኝን ሁሉ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቼ ነው «ደኅና» የምለው። ከዋሻው ጀርባ ተቀምጦ መጻፍ ለእንደኔ ያለው ጥሩ ሥራ ነው። ክፋቱ፣ እዚያ የተቀመጠ ብዙ ነገር ያያል።

የደም ቤቱ ሕግ አጭር ነበር። ደም አይሸጥም ይላል፤ ይህ መልካም ነው። ደም የሚያገኘው ከዘመዶቹ መካከል ቢያንስ አንድ ሰጪ ያለው ነው፣ የሌለው ግን አንድ ዘመድ አምጥቶ ይተካ ይላል። በመጨረሻም የጅብ ዘር ደም አይሰጥም ይላል።

«ለምንድነው የማይሰጠው?» ብላ እመት ጃርት በስብሰባ ላይ ጠየቀች።

«የበላውን ማን ያውቃል!» አለች እመት ጦጣ።

«የበላውንማ መጠየቅ ነው። አንበሳውንም፣ ፍየሏንም፣ ሁሉንም ምን በላህ፣ የት ዋልክ፣ ያመመህ ነገር አለ ወይ ብለን አንድ በአንድ እንጠይቅ። ዘሩን ምን አመጣው?»

ይህን ጊዜ አያ ከርከሮ ከነጭቃው ብድግ አለ። «እኔን ምን በላህ ብሎ የሚጠይቀኝ ማነው? ቤተሰብ አለኝ እኮ!» ብሎ ተቆጣ። ሌሎቹም የበሉት ትዝ አላቸው መሰለኝ አጉረመረሙ። ስለዚህ ሁሉም ከሚጠየቅ ጅብ ብቻ ቢቀር ይሻላል ተባለና ሕጉ ጸደቀ።

ጅብ መስጠት ካልተፈቀደለት ሰጪ ዘመድ ሊኖረው አይችልም፤ ሰጪ ዘመድ ከሌለው ደግሞ ደም አያገኝም። ይህን ከሁሉም ቀድሜ ያስተዋልኩት እኔ ነበርኩ፤ ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኛ። እግሬን አንስቼ ልናገር ብዬ ነበር። አፈርኩ።

ደም የሚሰበሰበው በዓመት አንድ ጊዜ በደም ቀን ነው። ከበሮ ይመታል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ዝሆን ብቻውን ሦስት ቅል ይሞላል። በዚያች ቀን ስልሳ ቅል እናገኛለን። ደም ግን በዋሻው ቅዝቃዜም ቢሆን ከሠላሳ አምስት ቀን በላይ አይቆይም። ሠላሳ አምስተኛው ቀን ሲመሽ የተረፈውን ወንዝ ዳር እንደፋለን፤ ከዚያ እስከ ቀጣዩ በዓል ደጅ ደጁን እያየን እንለምናለን። እመት ጃርት «በየወሩ ከፋፍለን ብንሰበስብስ?» ብላ ነበር። «በየወሩ ንግግር የሚያደርገው ማነው?» አሏት።

አንድ ዓመት፣ በዓሉ ካለፈ በዐሥረኛው ወር፣ የአያ አንበሶ ደቦል ከገደል ወድቆ ጭኑ ተሰንጥቆ መጣ። ዋሻው ባዶ ነበር። እመት ጃርት የአባቱን ጠብታ ከልጁ ጠብታ ጋር ቅጠል ላይ ቀላቀለች፤ ደሙ ጓጎለ፣ አልተስማማም። የእናቱም እንዲሁ። አያ አንበሶ ወደ ሜዳው ወጥቶ «ልጄን የሚያድንልኝ ማነው?» ብሎ ጮኸ።

አያ ነብሮ እመር ብሎ ወጣ። «እኔ አለሁ! ደሜን ብቻ አይደለም፣ ልቤንም ውሰዱ!»

ተጨበጨበለት። እኔም በባዶው ቅል አንገት ላይ «ነብር» የሚል ቅርፊት አሰርኩ።

አያ ነብሮ ደረቱን ነፍቶ ዋሻው ገባ። እመት ጃርት እሾኋን ስትመዝ አየ። ከዚያ በኋላ እኛ ያየነው ጅራቱን ብቻ ነው። በኋለኛው በር ሮጦ ሾላው ጫፍ ላይ ወጣ።

«ውረድ እንጂ፣ ልጁ እየሞተ ነው!» አለችው እመት ጃርት ከሥር።

«ጾም ላይ ነኝ» አለ ከላይ።

«ዛሬ ጠዋት ሥጋ ስትበላ አይቼሃለሁ።»

«ከዚያ ወዲህ ነው የጀመርኩት።»

ይህን ሲባባሉ ከቁጥቋጦው ጀርባ አንድ ድምፅ «እመት ጃርት፣ የኔን ሞክሪው» አለ። አያ ጅቦ ነበር።

«ሕጉን ታውቃለህ» አለችው።

«አውቃለሁ። ልጁ ሲያለቅስ ግን ሰማሁት። ሰምቼ ማለፍ አቃተኝ።»

«ምን በላህ?»

«አጥንት።»

«ያመመህ ነገር አለ?»

«ስሜ ብቻ ነው የሚያመኝ» አለና ክንዱን ዘረጋ።

ጠብታው ከደቦሉ ጠብታ ጋር ቅጠሉ ላይ ውኃ ከውኃ ጋር እንደሚገናኝ ተቀላቀለ። እመት ጃርት ጊዜ አላጠፋችም። ቅሉ ሲሞላ አንገቱ ላይ ያለውን ስም አይታ ወደ እኔ ዞረች።

«ልቀይረው እንዴ?» አልኳት።

«ብትቀይሪው አንበሳው ይቀበለዋል?»

አያ ጅቦ ክንዱን እየላሰ «ልጁ ይቁም እንጂ የፈለጋችሁትን ጻፉ» አለ። እኔም በዋሻው ቅርፊት ላይ «ነብር» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሉንም አሳመርኩት። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

ደቦሉ በሦስተኛው ቀን ቆመ። አያ ነብሮም ከሾላው ወረደ። በመጀመሪያው ሰሞን «እግዜር ይስጥልን» ሲሉት አንገቱን ደፍቶ ያልፍ ነበር። በዓመቱ «ትንሽ ይቆረቁራል» አለ። በሦስተኛው ዓመት የተቀዳው ሁለት ቅል ነበር። በአምስተኛው ዓመት እመት ጃርት «ይበቃሃል» እያለች ስትለምነው እሱ «ጨምሪ» ይላት እንደነበር በደም ቀን ንግግሩ ላይ ተናገረ። ፊት ለፊት ወንበር ተሰጠው፤ ጉበቱም ለእሱ ይቀርብ ጀመር። አያ ጅቦ ከኋላ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። እኔ ቁጥቋጦዬ ውስጥ ነበርኩ።

እመት ጃርት በስድስተኛው ዓመት አረፈች። ሳታርፍ ጠርታኝ «እኔ ደክሜአለሁ፤ አንቺ ንገሪ» አለችኝ።

«በሚቀጥለው ስብሰባ» አልኳት። ስብሰባ በኛ ጫካ ጠፍቶ አያውቅም።

ደቦሉ አድጎ ጎፈር አወጣና የደም ቤቱ ሊቀመንበር ሆነ። «በደም ሥሬ የሚሮጠው የነብር ደም ነው» እያለ ይኮራ ነበር። ሕግ አክባሪም ነበር፤ አባቱ በቁጣ የሚያደርገውን እሱ በሕግ ያደርገዋል።

በሰባተኛው ዓመት፣ የደም ቀን ባለፈ በሠላሳ ሦስተኛው ቀን፣ አያ ጅቦ ትንሿን ልጁን አዝሎ መጣ። የወደቀ ግንድ የኋላ እግሯን ቀጥቅጦታል፤ ያለፉበት መንገድ ሁሉ በደም ቀልቷል። ዋሻው ውስጥ ዐሥራ አራት ቅል ነበር፤ ሁሉም በሁለት ቀን ውስጥ የሚደፋ። በእመት ጃርት ቦታ የተተካችው እህቷ ፈጥና ጠብታ አመሳከረችና «ፍየሏ በደም ቀን የሰጠችው ይስማማታል፣ ቶሎ በሉ» አለች።

«መጀመሪያ ሕጉ» አለ ሊቀመንበሩ። ጉባኤው ተጠራ።

እመት ፍየል እየተንቀጠቀጠች መጣች። «የኔ ደም? ለጅብ? ነገ አድጋ ብትበላኝስ?»

«እመት ፍየል፣ ደምሽ ውስጧ እያለ እንዴት ትበላሻለች?» አላት አያ ጅቦ።

«አያ ጅቦ ሙት፣ አንተ ዝምድና ቆጥረህ ሥጋ ትተህ ታውቃለህ?»

ጉባኤው ሳቀ። አያ ጅቦም ሊስቅ ሞከረና አልሆነለትም።

«ከሰጠሽ በኋላ ያንቺ አይደለም፤ የታመመው ነው» አለች የጃርት እህት። ፍየሏ ልጅቷን አየቻት። ልጅቷ ምላሷ ነጥቶ ነበር። «እንግዲህ ስጧት፤ ለመብላቱ ያን ጊዜ እሮጣለሁ» አለች። በዚያ ጉባኤ መጀመሪያ እሺ ያለችው እሷ ነበረች።

አያ ነብሮ ግን ከወንበሩ ተነሣ። «ሕግ ሕግ ነው። እኔ ስሰጥ ማንም አልለመነኝም። የጅብ ዘር ለዚህ ቤት ምን ሰጠ?»

«አሁን የኔን ቅዱና ተኩ!» አለ አያ ጅቦ።

«ያንተማ በሕግ አይወሰድም» አለች እመት ጦጣ፣ እንደማዘን ብላ።

ሊቀመንበሩ ወደ ቁጥቋጦዬ ዞረ። «እመት ሚዳቋ፣ ቅርፊቶቹን አገላብጪ። ከጅብ ዘር የሰጠ አለ?»

አያ ጅቦ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ የልጁን ቁስል በመዳፉ ይዞ ነበር፤ ወደ እኔም ቀና አላለም።

«አለ» አልኩ።

«ምን አለች?» ተባባሉ።

«ጮክ በይ እንጂ!» አለ ከርከሮ።

ከቁጥቋጦው ወጣሁ። ያን ያህል ዓይን በአንድ ጊዜ አይቶኝ አያውቅም። «አለ! ጌታዬ፣ ያን ጊዜ እርስዎን ያዳነዎት የአያ ጅቦ ደም ነው። አያ ነብሮ ሾላ ላይ ነበር። ነብር ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ውሸታም!» አለ አያ ነብሮ። «ይህች ከሰው ፊት ቆማ ተናግራ የማታውቅ፣ ዛሬ ማን ገዛት?»

«የግራ ክንድህን አሳይ» አልኩት። «ነጭ ጸጉሩ የት አለ?»

«ይህን ሁሉ ነጠብጣብ ለብሼ አንዲት ነጭ ጸጉር ከየት ትገኛለች?»

እመት ጦጣ ይህን ስትሰማ ሥራ አገኘች። ክንዱ ላይ ወጥታ ጸጉሩን አንድ በአንድ ገለጠች። ረጅም ጊዜ ፈለገች፤ አንዳንድ ነገርም አንሥታ በላች። በመጨረሻ «ቅማል አለ። ነጭ ጸጉር የለም» አለች።

የአያ ጅቦን ክንድ መፈለግ አላስፈለገም። ልጁን ደግፎ የያዘው ክንድ ነበር፤ ነጩ ጸጉር በልጁ ደም መሃል ይታይ ነበር።

ሊቀመንበሩ የራሱን እግር አየ፣ እንደገና አየ፣ ውስጡን ለማየት የሚሞክር ይመስል ነበር። ከዚያ «ቅሉን አምጡ» አለ። የሊቀመንበር ድምፅ አልነበረም፤ የዚያ ከገደል የወደቀው ደቦል ድምፅ ነበር።

የፍየሏ ደም ገባላት። የልጅቱ ነፍስ ተረፈች። እግሯ ግን ስብሰባውን አልጠበቀም።

በማግስቱ ሌላ ስብሰባ ተጠራ። ጅብ ደም መስጠት ይችላል ተባለ፤ ሌሎች ሰጪዎች እንዳይሸሹ ግን በኋለኛው በር ይግባ ተባለ። ያለ ሰጪ ዘመድ ደም አይገኝም የሚለውን ሕግ የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ። አያ ነብሮ ወንበሩን አልተነጠቀም፤ «ሁለት ዓመት ሙሉ ተቀምጦበታል፣ አሁን ቢነሣ ለቤቱ ያሳፍራል» ተባለ። እኔ የሐሰት ስም በመጻፌ ከሥራዬ ተባረርኩ። ይህስ ትክክል ነው፤ አልተከራከርኩም።

በኔ ቦታ እመት ጦጣ ተሾመች። ማንበብ አትችልም። የታመመ መጥቶ «ከዘመዱ የሰጠ አለ ወይ?» ሲባል ቅርፊቱን ገልብጣ ይዛ ግንባሯን ቋጥራ ታያለች፣ ታያለች፣ አለማወቋ እንዳይታወቅባት ለሁሉም «አለ፣ አለ» ትላለች። እንዲህ ሆኖ ያ ሕግ ሳይሻር ሞተ። ኮሚቴው ግን አሁንም እያጠና ነው።

እኔም አንድ ቀን ወደ አያ ጅቦ ጉድጓድ ሄድኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ምስጋና እየጠበቅሁ ነበር። ልጅቱ ደጃፉ ላይ በሦስት እግር መራመድ ትለማመዳለች፤ ትወድቃለች፣ ትስቃለች፣ ትነሣለች። አባቷ ከጎኗ ተቀምጦ ያያታል።

«አያ ጅቦ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት ከቁጥቋጦው ሳልገባ። «ዘገየሁ። ግን በመጨረሻ፣ በዚያ ሁሉ ፊት ተናገርኩልህ።»

ዓይኑን ከልጁ ላይ አላነሣም።

«ተናግረሻል» አለ። «እኔ ግን እመት ሚዳቋ፣ ሰባት ዓመት ስጠብቅሽ፣ ማንም ሞት አፋፍ ሳይደርስ፣ እንዲሁ በአዘቦት ቀን ትናገሪዋለሽ ብዬ ነበር።»