ያዋስኩት አውራ ጣት

አሥሩንም ጣቶቼን ቀለም ቀብተው አንድ በአንድ ወረቀቱ ላይ ሲጫኑልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የተማረ ሰው በአንድ እጁ ይፈርማል፤ እኔ በሁለቱም!

ጅማ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የምስጢር መዝገብ ክፍል ዘበኛ ነኝ። የመረጡኝ ማንበብ ስለማልችል ነው። አብዮቱ ስንቱን የተማረ ሲጠራጠር ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ በር ሌላ እንጀራ የለኝም። በኋላ የምስጢር ቦታ ሠራተኛ ሁሉ ከወንጀል ነፃ መሆኑ ይጣራ ተባለ። ይጣራ! ዶሮ እንኳ ሰርቄ አላውቅ።

አሻራዬ ሄዶ ተመለሰ። ወንጀለኛ ሆኖ።

የነገሩ መነሻ ጎረቤቴ አባ ፊጣ ነው። ከዓመታት በፊት አብረን ከአጋሮ ስንመለስ ኬላ ላይ ከጋቢው ሥር ቡና ተገኘበት። ያኔ ያለ ፈቃድ ቡና ይዞ ኬላ ማለፍ፣ የገዛ ጓሮህ ቡና ቢሆንም፣ ወንጀል ነበር። ቡናው ተወረሰ፤ ጥፋቱን ያመነበት ወረቀት በስሙ ተጻፈ፤ አሻራህን አኑር ተባለ። የቀኝ አውራ ጣቱን ደግሞ ገጀራ ቆርጦት በጨርቅ ጠቅልሎታል። ፖሊሱ ግራህን አምጣ ቢለው ተቆጣ። በግራ እጁ ለሰው ውኃ አቀብሎ የማያውቅ ሰው ለመንግሥት በግራ ሊፈርም? ወደ እኔ ዞሮ «ወላሂ አይሆንም! ጃሌ፣ ጣትህን አውሰኝ» አለኝ። መጥረቢያ አውሼዋለሁ፤ በቅሎ አውሼዋለሁ፤ ጣት ምን ይከብዳል? ፖሊሱም ምሳው ደርሶበት ነበር፤ ቀለሙን ወደ እኔ ገፋ። ተጫንኩለት።

ይህን ሁሉ ጉዳዬን ለያዘው መርማሪ ነገርኩት። በዕድሜዬ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ሳቀብኝ፤ ጣት አይዋስም አለኝ። በእሱ አባባል ቡናውን ያሳለፍኩት እኔ ነኝ፤ በዚያ ላይ ስሜን ደብቄ በንጹሕ ሰው ስም ተጠቅሜአለሁ። አንድ ጥፋት ሲፈልጉ ሁለት አገኙ።

አባ ፊጣን አስጠሩት። መሬት መሬት እያየ «አላውቅም» አለ። ስድስት ልጅ አለው፤ ምን ይበል? እኔስ በእሱ ላይ ምን ልበል? የእሱ አሥር ጣት ሲመረመር በየትኛውም መዝገብ አልተገኘም። እሱም እንደ እኔው ፊደል አይለይም።

ቤቴ ገብቼ ለማመሳከሪያ ዳግም ቀለም የቀቡትን አውራ ጣቴን በሳሙና አሸሁት። ቀለሙ እንኳ አልለቀቀኝ።

በማግስቱ መርማሪው በአክብሮት ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና እንዲህ አለኝ፦ «አባቴ፣ ነገ ጠዋት ይምጡና ቁልፉን ለአባ ፊጣ ያስረክቡ። ስማቸውን ስላጠፉም እዚያው ይቅርታ ይጠይቋቸው።»