ማንም ያላለፈው የበረዶ ሆኪ ተከላካይ

ታላላቅ ሰዎች በታላላቅ ሐሳቦች ይታወቃሉ፤ በደብረ ታቦር አንድ ቢሮ የሚመሩት አቶ አስናቀም በበረዶ ሆኪ ታወቁ። ፈረንጆች በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በቆልማማ ዱላ ሲሻሙ በቴሌቪዥን እንዳዩ ሠራተኞቻቸውን ሰበሰቡ።

«ይህን የመሰለ ብርድ ታቅፈን እስካሁን መተኛታችን ያሳዝናል! የጎደለን በረዶ ብቻ ነው፤ እሱም በሂደት ይሟላል» አሉ።

ተጨበጨበ። ክለቡም በዚያው ቀን ተቋቋመ።

ለተከላካይነት ሙላቴ ተመረጠ። ደረቱ እንደ መዝጊያ የሰፋ፣ በገና ጨዋታ ሰው ካላጋደመ በዓሉ የተከበረ የማይመስለው ጎልማሳ ነው። የራስ ቁር፣ የደረት መከታና አዲስ ዱላ ተሰጠው፤ ደመወዝ ተቆረጠለትና ፕሮፌሽናል ሆነ። ይሁን እንጂ በረዶው ገና በሂደት ላይ ነበር፤ ተጋጣሚም አልተገኘም። ባለሙያ ያለ ሥራ እንዳይባክን አቶ አስናቀ በቢሯቸው በር ላይ አቆሙት።

የጀግናው ገድል የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አቤቱታ ይዞ የመጣ ሁሉ ተመለሰ። የቤተ ክርስቲያናቸው ጣሪያ የሚያፈስባቸው ቄስ በመስቀላቸው ሊያልፉ ሞከሩ፤ ተሳለመና መለሳቸው። ባለሱቁ ሰዒድ በጎን ሊሾልክ ሲል በትከሻ ተገፍቶ ደረጃው ሥር ተገኘ። በዓመቱ መጨረሻ «ተከላካያችን አንድም ሰው አላሳለፈም» የሚል ሪፖርት ቀረበ፤ ሙላቴም ዋንጫ ተሸልሞ ቤቱ ገባ።

«ማንን አሸነፋችሁ?» አለችው ሚስቱ ትርንጎ።

«እንጃ። ብቻ አሸንፈናል።»

በመስከረም መጨረሻ ጉና ላይ በረዶ ወረደ። ሊያሸት የደረሰውን ገብስ ከመሬት አጣብቆ ሄደ። የትርንጎ እናት እማማ ወርቅነሽ ማሳቸው ከወደመባቸው አንዷ ነበሩ፤ ቁልቁለቱን በእግራቸው ወርደው ቢሮው ደጃፍ ደረሱ።

«ማነህ አንተ፣ ድስት የደፋህ? አሳልፈኝ!»

ሙላቴ የአማቱን ድምፅ ሲሰማ ዱላውን ከጀርባው ደበቀ። «እኔ ነኝ እማማ። ሙላቴ።»

«ተከላካይ ሆነ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለመሆኑ ከማን ነው የምትከላከለው?»

ሙላቴ አሰበ። በሥራው ላይ ሲያስብ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ከ… ከአንቱ ሳይሆን አይቀርም» አለ፤ ሲሰማው ጊዜ አፈረ። የራስ ቁሩን አወለቀና ከበሩ ገለል አለ።

እማማ ወርቅነሽ ገቡ። «ጌታው፣ በረዶ መታን።»

አቶ አስናቀ ከወንበራቸው ተስፈንጥረው ተነሡ። «በረዶ! ምን ያህል ይወፍራል?»

«ገብሱን ቀብሮታል።»

«ተመስገን! ሜዳውስ ጠፍጣፋ ነው?»

«አሁንማ ጠፍጣፋ ነው። የቆመ ነገር የለበትም።»

ወዲያው የልዑካን ቡድን በመኪና ጉና ወጣ። ሲደርሱ በረዶው ቀልጦ ጭቃ ብቻ ቀርቷል። አቶ አስናቀ ጭቃው ላይ ቆመው ስለ በረዶ ሀብት አያያዝ ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ፤ ንግግሩ ሲያልቅ መኪናው ሰጥሞ ስለነበር ገብስ የጠፋባቸው ገበሬዎች ገፍተው አወጡላቸው።

በሳምንቱ ውሳኔ ወጣ። ሙላቴ «ክለቡን ለመጀመሪያ ሽንፈት በመዳረጉ» ተሰናበተ፤ ጉና ወጥቶ የአማቱን ማሳ ለሽምብራ ያርሳል። በሩ ላይ በእሱ ፋንታ ሁለት ተከላካዮች ቆመዋል። በበረዶ የተመቱት ገበሬዎችም አልተረሱም፤ «ለበረዶ ካላቸው ቅርበት አንጻር» የክለቡ ደጋፊ ሆነው ተመዝግበዋል፤ ለእያንዳንዳቸውም ፊሽካ ተልኮላቸዋል።

እማማ ወርቅነሽ ፊሽካውን አመስግነው ተቀበሉ። ከበረዶው በተረፈው ድንች ላይ ጃርት ሲመጣ ይነፉታል። ጃርቱ ይሸሻል። ቢሮው ከተቋቋመ ጀምሮ ለሕዝብ የሠራው ሥራ ይኸው ነው።