መስኮት ያለው ገንቦ

በየቤቱ አንድ አይጠፋም፤ ዓይኑ ከሚያየው ይልቅ ወረቀት ላይ የሰፈረውን የሚያምን ሰው። አቧራ ቀላቅሎ የሚነፍሰው ነፋስ አፉን እየሞላው፣ ጋዜጣው «አየሩ ጥርት ያለ ነው» ካለ፣ ልብስ ከገመድ ላይ አያወርድም። ካይሮ፣ ሹብራ ሰፈር፣ እንሽራሕ ቤት ውስጥ ይህን ወንበር የያዙት የሟች እህቷ ልጅ፣ የዲዛይን ተማሪው ክቡር ባሽሙሐንዲስ ሩሽዲ ነበሩ። በዚያ ከተማ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሁሉ ባሽሙሐንዲስ፣ ማለትም ዋና መሐንዲስ፣ ስለሚባል፣ ማዕረጉ ገና ሳይመረቁ ደርሷቸዋል።

የሕንጻው ሊፍት ተጠግኖ ሳለ «አይሠራም» የሚለው ወረቀት ሳይነሳ ቀረ። ባሽሙሐንዲሱ ሳምንት ሙሉ ሰባተኛ ፎቅ በእግራቸው ወጡ። እንሽራሕ ከሊፍቱ ስትወርድ ሲያዩዋት፣ «አክስቴ፣ ተጽፏል እኮ!» ብለው የገሠጹት እሷኑ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ወጥ ሊሠሩ ገብተው «ጨው እንደ ፍላጎት» የሚል አነበቡ። የማን ፍላጎት እንደሆነ ስላልተጻፈ ማንኪያውን ይዘው ቆመው ቀሩ። ሽንኩርቱ አረረ።

ታዲያ መምህራቸው አንድ ዕቃ ደብቀው፣ መልኩን ብቻ በጽሑፍ ገልጸው፣ «ከዚህ ተነስታችሁ ሞዴል ሥሩ» ብለው አዘዙ። ሩሽዲ ያንን ትምህርት አንድ ጊዜ ወድቀውበታል፤ ዳግመኛ ከወደቁ ይባረራሉ። እንሽራሕ ደግሞ ለእህቷ አስመርቀዋለሁ ብላ ቃል ገብታለች። ጽሑፉን ልይልህ ብትል፣ «የሙያ ነገር ነው አክስቴ» ተባለች። በሩ ተዘጋ። ምንጣፏ ጄሶ በጄሶ ሆነ።

በማስረከቢያው ቀን ጠዋት ሥራው ተገለጠ። ሆዱ በአንድ ወገን ጠፍጣፋ፣ አንገቱ ላይ ደግሞ ከአይስክሬም እንጨት የተሠራች፣ የምትከፈትና የምትዘጋ አረንጓዴ መስኮት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ጮክ ብለው አነበቡላት፦ «ሆዱ ሰፊ ሆኖ በአንድ ጎኑ ጠፍጠፍ ይላል። ውሃ ሲይዝ ያልበዋል። አንገቱ መስኮት አለው።»

«ውይ በሞትኩት! ገንቦ እኮ ነው! በረንዳ ላይ ያለው የውሃ ገንቦ!»

«ገንቦ አይልም።»

«ያልበዋል ይል የለ? ከገንቦ ሌላ ምን ያልበዋል?»

«እኔም ያልበኛል። ገንቦ ነኝ?»

«ባዶነትህን ሳየው፣ ነህ! መስኮት የምንላት አንገቱ ውስጥ ያለችውን የሸክላ ወንፊት ነው፤ ነፍሳት እንዳይገቡ። ማን የማያውቅ አለ?»

«ወንፊት ከሆነ ወንፊት ብለው ይጻፏ።»

«እሺ፣ ሆዱን እንኳ ክብ አድርገው። ይባርሩሃል ልጄ! የእናትህን አደራ...»

«ተጽፏል» ብለው ጄሷቸውን እንደ ሕፃን አቅፈው ወደ ሜትሮው ወረዱ።

እንሽራሕ ባቄላ ልትፈለፍል ተቀመጠች። ፍሬውን ጥላ ልጣጩን ድስት ውስጥ ስትከት ዋለች።

ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። «አለፍኩ» አሉ፣ ጫማቸውን እያወለቁ።

«ምን?»

«ሁሉም ገንቦ መሆኑን አወቁና የየቤታቸውን ሠርተው መጡ። ክብ፣ የሚያምር። መምህሯ የደበቁትን ገንቦ ከቦርሳ አወጡ፤ እቶን ውስጥ አንድ ጎኑ የተደፈጠጠ ነው። እንደተጻፈው የደፈጠጥኩ እኔ ብቻ ነኝ።»

«መስኮቱስ?»

ባሽሙሐንዲሱ አቀረቀሩ። «መምህሯ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ክፍሉ አሁንም የሚስቅ ይመስለኛል።»

እንሽራሕ በጥፊ ልትለው እጇን አነሳች፤ እጇ ግን ጸጉሩ ውስጥ ገባ። ጄሶውን ከጸጉሩ ስታራግፍለት ሳቋ አመለጣት፣ እንባዋም አብሮ።

ሞዴሉ አሁን በረንዳዋ ላይ ነው። ጎረቤቷ እም ሰብሪ ከማዶ ሆና፣ «እንሽራሕ፣ ገንቦሽ ጎረቤት ሊያይ ነው እንዴ መስኮት ያወጣው?» ብትላት፣ «አንቺን እንዳያይ ነው መዝጊያ የሠራለት» አለቻት። በየማታውም አቧራ እንዳይገባበት፣ እንጨቷ እንዳትሰበር በሁለት ጣቷ እየተጠነቀቀች፣ አረንጓዴዋን መስኮት ትዘጋለች።