ቅርስ የሆነው ጉድጓድ

በአንዲት ብልህ መንደር ከጦርነቱ ዘመን የተረፈ የቦምብ መሸሸጊያ ጉድጓድ ነበረ፤ ጣሪያው አርማታ፣ በሩ ብረት። ተሠርቶ ያለቀው ጦርነቱ ካበቃ ከዓመት በኋላ ነው። ከዚህም የተነሣ አንዲት ነፍስ እንኳ አልጠፋችበትም።

አሁን የሚሸሸግበት ድንች ብቻ ነው። የድንቹ ባለቤት፣ መንደርተኛው «ድንቼ» የሚላት፣ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን በድንች ንግድ የምታሳድግ ሴት ናት። ጉድጓዱ ደረቅና ቀዝቃዛ ስለሆነ ድንቿ ሳይበላሽባት ይከርማል።

አንድ ቀን የቅርስ ኃላፊው ረዳቶቻቸውን አስከትለው ከተፍ አሉ። በሩን ከፍተው ሲያዩ ደማቸው ፈላ።

«ታሪክ ላይ ድንች?!»

«አሁንማ ተሻሽሎ ነው ጌታዬ፤ በፊት ፍየል ነበረበት» አለች ድንቼ።

«ሴትዮ! ይህ የሕዝብ ደኅንነት ዋልታ ነው!»

«የኔ ልጆች ሕዝብ አይደሉም እንዴ?»

ኃላፊው ለተራ ጥያቄ መልስ የሚያባክኑ ሰው አልነበሩም። ድንቹ ሜዳ ላይ ተዘረገፈ፤ ዝናብ መታው፤ ግማሹ በሰበሰ። ድንቼ የተረፈውን አልጋ ሥር ከታ፣ ልጆቿ ምን እንደሚበሉ ስታስብ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ከረመች። ጉድጓዱ ግን አረንጓዴ ቀለም ተቀባ፤ «ያለ ኃላፊው ፈቃድ መክፈት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳም ተሰቀለበት።

በምረቃው ዕለት ኃላፊው ያን ክፉ ዘመን ለማሰብ ከረዳቶቻቸው ጋር ገብተው በሩን በኃይል ዘጉት። የውጩ መቀርቀሪያ ቀጭ ብሎ ወድቆ ቆለፈባቸው። ሕዝቡም የፕሮግራሙ አካል መስሎት አጨበጨበ።

«ክፈቱልን!»

ድንቼ ጠጋ ብላ ሰሌዳውን ጮክ ብላ አነበበች። «ክልክል ነው ይላል፣ ጌታዬ።»

«እኔው ፈቅጃለሁ!»

«እርስዎ መሆንዎን በምን አውቃለሁ? ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ኃላፊ ነኝ ላለ ሁሉ ቅርስ ይከፈታል?»

ውስጥ ሹክሹክታ ሆነ። ቀጥሎ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ።

«ባደረግነው አስቸኳይ ስብሰባ፣ መሸሸጊያው ከዛሬ ጀምሮ የድንች መጋዘን እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ወስነናል!»

«አልሰማንም፤ ይድገሙት።»

ደገሙት። መንደሩ ሁሉ ሰማ። ድንቼም መቀርቀሪያውን አነሣች።

ኃላፊው ላባቸውን እየጠረጉ ወጥተው ንግግር አደረጉ። «ክቡራትና ክቡራን! ይህ ጉድጓድ ሕዝብን ከአደጋ መጠበቅ እንደሚችል ዛሬ በተግባር አረጋግጠናል!»

«እውነትዎን ነው» አለች ድንቼ፤ «እናንተ ውስጥ በቆያችሁበት ሰዓት አንዳችንም ጉዳት አልደረሰብንም።»